የኤሊንግ አሥራ ሁለት ፍላጾች

መረቡ በሁለት ሴቶች ትከሻ መካከል ረግቦ ድንጋዩን እየጠረገ ይሄዳል። ከፊት የምትሮጠው ማግዴሊ ስልሳ ዓመት አልፏታል፤ ከኋላ የምትከተላት ምራቷ ጉንቮር ገና ሃያ ሁለት ናት። የምታለከልከው ግን ጉንቮር ነበረች።

"እማማ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ።"

"ዓሣ ነባሪው ቀስ ካለ እኔም ቀስ እላለሁ።"

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ከማዶ የሚኖረው አንፊን የፍየል ቀንዱን ሦስት ጊዜ ነፍቶ ከጨረሰ ሩብ ሰዓት አልሞላም። በሂልድቮግ ሰላጤ ሦስት ጊዜ የተነፋ ቀንድ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ዓሣ ነባሪ ትንንሾቹን ዓሦች እያሳደደ በጉሮሮው አልፎ ገብቷል። ጉሮሮ የሚሉት የሰላጤውን አፍ ነው። ሁለት አለቶች እንደ በር መቃን ተፋጠው የቆሙበት፣ አንዱ ከወዲህ ቢሳደብ ሌላው ከወዲያ ሰምቶ አጸፋውን የሚመልስበት ጠባብ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ግን ባሕሩ እንደ ከረጢት ይሰፋል። ዙሪያውን አሥራ ስምንት ቤቶች ተራራውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ቤት ከዛፍ ልጥ የተገመደ አንድ አንድ ቁራጭ መረብ አለው፤ ቁራጩ ከቤቱ ጋር ይወረሳል፣ እንደ ቤቱ አይጥ።

ውሃው ዳር ሲደርሱ ወንዶቹ ጀልባ ላይ ሆነው ጉሮሮውን ለመዝጋት ቁራጮቹን እርስ በርስ እያሰሩ፣ ከግርጌ ድንጋይ እያንጠለጠሉ ወደ ታች ይለቃሉ። የጉንቮር ባል ሹር የእናቱን መረብ ጫፍ ተቀብሎ ቀዘፈ። ሴቶቹ ገመዱን ከዳር ያዙ።

ያኔ ነው ዓሣ ነባሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰላጤው መሐል ብቅ ያለው። ጉንቮር ያደገችው ከባሕር የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ተራራ ላይ ነው፤ ከተዳረች ሦስት ወሯ ነው። ደክሞት የሚተነፍስ በሬ ሰምታ ታውቃለች። ይህ ግን ቤት ራሱ ተነሥቶ ቢተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ጥቁር ጀርባው እየተንከባለለ ወጣ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ አላልቅ አለ፤ በመጨረሻ ውሃው ገጠመ።

በሰፈሩ "ይቺ ልጅ አፏ ጥያቄ ብቻ ነው" ከተባለላት ቆይቷል። ባሕሩ በቀን ሁለቴ የሚሸሸው ወዴት ነው? ያቺ የባሕር ዳክዬ የገዛ ደረቷን እየነጨች ጎጆዋን የምታነጥፈው በምን ትዕዛዝ ነው? አሁንም አላስቻላትም።

"እማማ፣ ይህን የሚያህል ነገር በምን ይገደላል?"

"በፍላጻ።"

"በፍላጻ?"

"ፍላጻው አይገድለውም። ፍላጻው ላይ ያለው ነው የሚገድለው።"

"ምን አለበት?"

"እድፉ ነዋ። ያለፈው ዓሣ ነባሪ ደም፣ ከዚያ በፊት የነበረው ደም፣ እኔ ሳላገባ የነበረ ዝገት። ከተወጋ በማግስቱ ቁስሉ ያብጣል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ያን ጊዜ ተጠግተው በጦር ይጨርሱታል። አለዚያ ይህን አውሬ በጥፍርሽ ልትቧጭሪው ነው?"

ጉንቮር ገመዱን አጥብቃ ያዘች። "እና... ፍላጾቹ አይታጠቡም?"

ማግዴሊ ዞር ብላ አየቻት። የምትታጠብ ባሕር አለች ወይ ተብላ የተጠየቀች ትመስል ነበር። "ማን ያጥባቸዋል?" አለች።

ያጠበቻቸው ጉንቮር ነበረች።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የደብሩ ቄስ ሄር ክላውስ ከስብከት በኋላ "አንድ ቀን መጥቼ የኤሊንግን ቀስትና ፍላጾች አያለሁ" ብለው ነበር። ኤሊንግ የጉንቮር አማት ነው። ሄር ክላውስ የባሕር አራዊትን ነገር እየመረመሩ ይጽፋሉ ይባላል፤ ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅና ወሬ ይለውጣል። ጉንቮር ግን ወደ ጀልባ ቤቱ ቆጥ ወጥታ የቆዳውን ከረጢት ፈታች። አሥራ ሁለት ብረቶች፣ ላያቸው ላይ የከረመ ገንፎ የመሰለ ነገር የጋገረባቸው፣ ሽታቸው ዓይን የሚያስለቅስ። በእናቷ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ለቄስ ማሳየት ለሰባት ዓመት መተረቻ ያደርጋል። ስለዚህ በአሸዋ ፈትጋ፣ በአመድ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ መለሰቻቸው። ከዚያ ምስጋናዋን ስትጠብቅ ከረመች። ሄር ክላውስ አልመጡም፣ ከረጢቱንም የከፈተው የለም። አትንኪ ያላት ሰው አልነበረም። ማንስ ይላታል? ሙሽራን ጠርቶ "እሳት ያቃጥላል" ብሎ የሚመክር የለም።

"ምን ቆመሻል?" አለች ማግዴሊ። "ገመዱን ለኔ ተይና ከረጢቱን አምጪ። አባትሽ እየጠበቀ ነው።"

ቆጡ ላይ ከረጢቱን ስትፈታው ፍላጾቹ ለበዓል እንደተወለወለ ማንኪያ አበሩባት። ቁልቁል ሰዎች ይጠራራሉ። ዓሣ ነባሪው እንደገና ተነፈሰ። ጉንቮር ዞር ዞር ስትል ጥግ ላይ የጀልባ ቅጥራን ያለበት ማሰሮ አየች፤ አጠገቡ የዓሣ ጉበት ዘይት፣ ከበላዩ ጥቀርሻ። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። አንድ በአንድ ለቀለቀቻቸው። ስትጨርስ ከድሮው የባሰ ያስጠሉ ነበር። እድፍ እድፍ ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ ዓሣ ነባሪው በማን እድፍ እንደተወጋ በምን ያውቃል?

ኤሊንግ ሰባ ዓመቱ ነው። ዝምተኛ፣ ክንደ ረጅም፣ ከሱፍ ቆቡ በታች ጆሮ ብቻ የሚመስል ሰው። በሰላጤው የመጀመሪያውን ፍላጻ የመወርወር መብት አራት ትውልድ ሙሉ በቤቱ ኖሯል። ባሕሩ ዳር ቆሞ መስቀለኛውን ቀስት በእግሩ ረግጦ እየወጠረ ነበር። ከረጢቱን ተቀብሎ ከፈተና አሸተተ።

"ቅጥራን ቅጥራን ይላል።"

"የጀልባ ቤት አይደል፣ አባቴ" አለች ጉንቮር። በዚያ ቤት የተናገረችው የመጀመሪያ ውሸት ነበር።

ሹር ቀዘፈ፣ ኤሊንግ ወረወረ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ገቡ፤ ሦስቱ ባሕር ውስጥ ቀሩ። አሥራ ስምንቱም ቤቶች ከዳር ሆነው እየቆጠሩ ነበር። "ዘጠኝ" አለ አንፊን። "ዐይኑ ገና ነው ሽማግሌው።" አንፊን ከኤሊንግ አሥር ዓመት ያንሳል። የራሱ ቀስትና ፍላጾች እያሉት ሃያ ዓመት ሙሉ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ፣ መጠበቁንም በተረብ የሚያሳልፍ ሰው ነው።

ከቀትር በኋላ ሄር ክላውስ በቤተ ክርስቲያኑ ጀልባ ደረሱ። ማስታወሻ ደብተራቸው በክር ከካፖርታቸው ቁልፍ ጋር ታስሯል፤ ሁለት ጊዜ ባሕር ውስጥ ጥለውት ስለነበር ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ያገኙትን ሁሉ ይጠይቁ ጀመር።

"ፍላጻው የማይታጠበው ለምንድን ነው?"

"ብረት ሲያረጅ ይቆጣል፣ ሄር ክላውስ" አለ አንፊን። "ሲታጠብ ቁጣው ይወጣለታል። እንደ ሰው ነው፤ እኔም ከታጠብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ሰው አልሰድብም።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሉ ወደ ኤሊንግ።

"አባቴ አይታጠብም ብሏል።"

"እሳቸው ለምን አሉ?"

"አባታቸው።"

ማግዴሊን ጠየቋት። "ስለማይታጠብ ነው" አለች። ሄር ክላውስ ሦስቱንም ጻፉ። ከዚያ ወደ ጉንቮር ዞሩ፤ እሷ ግን ገና ሳይጠይቋት ድንጋይ ልታመጣ ሄዳለች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የጉንቮር ዝምታ ግን በማግስቱ መንቀዝ ጀመረ። ዓሣ ነባሪው ሰላጤውን ይዞራል፣ ይተነፍሳል፣ ጭራሽ ዓሣ ያሳድዳል። ኤሊንግ ጀልባ ላይ ቆሞ ጀርባው በወጣ ቁጥር እብጠት ይፈልጋል። የለም። ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነፋሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረ። ከዚያ በኩል የመጣ ነፋስ ማዕበሉን በቀጥታ ጉሮሮው ውስጥ ይከተዋል፤ የልጥ መረብ ደግሞ ማዕበልና ዓሣ ነባሪን አንድ ላይ አይችልም። ዓሣ ነባሪው ከወጣ ለአሥራ ስምንት ቤት የሚበቃ የክረምት ሥጋ አብሮ ይወጣል። አምና እህሉን በረዶ ስለመታው፣ ዱቄቱ በዛፍ ልጥ እየተበራከተ የተበላበት ዓመት ነበር።

ሰው ያወራ ጀመር፤ ጮክ ብሎ አልነበረም። ሽማግሌው በሚያልፍበት ቦታ ወሬው ይቆምና ሰዉ ሁሉ እጁን ያየዋል። በሰላጤው እምነት ፍላጻው ካልሠራ እጁ ሞቷል ማለት ነው። እጁ የሞተበት ሰው ቀስቱን ለሌላ ቤት ያስረክባል፤ የተረከበው ቤትም መልሶ አያስረክብም። ሹር የአባቱን ቦታ እይዛለሁ ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ በር ላይ ፍላጻ ሲሰካ ነው ያደገው። ያን ቀን ጠዋት ቤት ውስጥ ማንንም ሳያይ ጫማውን አሥሮ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ኤሊንግ ቀስቱን እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ ታቅፎ ከጀልባ ቤቱ መጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ከአንፊን ፊት ቆመ።

"ና ውሰደው" አለ። "እጄ ሞቷል።"

አንፊን እጁን አልዘረጋም። ሃያ ዓመት ያዘጋጀው ተረብ ሁሉ በአንድ ጊዜ የጠፋበት መሰለ። "እስቲ ነገን እንይ፣ ኤሊንግ።"

"ነገ ነፋስ ነው። ውሰደው።"

ጉንቮር ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ብትናገር ምን እንደሚጠብቃት አላጣችውም፤ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ልጅ ያልወለደች፣ የሦስት ወር ሙሽራ ናት። ሽማግሌው ግን ቀስቱን ዘርግቶ እንደቆመ ነው።

"እጃቸው አልሞተም" አለች። "ፍላጾቹን አጥቤያቸዋለሁ።"

ሴቶቹ ከአጠገቧ ፈቀቅ አሉ።

"ምን አልሽ?" አለ ሹር።

"አጥቤያቸዋለሁ። ሄር ክላውስ ይመጣሉ ሲባል። በኋላ ደግሞ እንዳይታወቅብኝ ቅጥራን ቀባኋቸው።"

"በምን አጠብሻቸው?" አለች ማግዴሊ።

"በአሸዋ። ከዚያ በአመድ ውሃ።"

"በአመድ ውሃ" አለች ማግዴሊ፣ ዘመድ የሞተበትን በሽታ ስም እንደሚደግም ሰው።

"ሁለቴ" አለች ጉንቮር። አንዴ ከጀመረች ሁሉንም መናገሩ የሚሻል መስሏት ነው።

መጀመሪያ የሳቀው አንፊን ነበር። አብሮት የሳቀ ግን አልተገኘም፤ ሳቁን ብቻውን ጨርሶ አፉን በእጅጌው ጠረገ። "ኤሊንግ፣ ይህችን ልጅ ለገና ወደ እኔ ቤት ላካት። የሚስቴ ድስት የአያቴን ገንፎ እስካሁን እንደያዘ ነው።"

ኤሊንግ አልሰማውም። ምራቱን ነበር የሚያየው።

"ሁሉንም?"

"አሥራ ሁለቱንም፣ አባቴ።"

ሽማግሌው ክንዱን ለወጠና ቀስቱን ትከሻው ላይ አደረገው። ከዚያ ወደ አንፊን ዞረ። "ያንተን ፍላጾች ማን አጥቦልሃል?"

"እኔ ቤት? ሸሚዜንም የሚያጥብልኝ የለ።"

"እንግዲያው አምጣቸው። በእኔ ቀስት አንተ ትወረውራለህ። እኔ እቀዝፍልሃለሁ።"

"የወርዋሪው ድርሻስ?"

የወርዋሪው ድርሻ ጭራውና የጀርባው ስብ ነው፤ የአንድ ቤት ክረምት ማለት ነው። ሹር አንገቱን ደፋ።

"ያንተ ነው" አለ ኤሊንግ። "ቀስቴ ግን ወደ ቤቴ ይመለሳል።"

አንፊን ሰማዩን አየ፣ መረቡን አየ፣ ከዚያ ሰዉን አየ። "ይመለሳል" አለ። "ደግሞ ፍላጻ ከሚያጥብ ቤት ጋር አልከራከርም።"

ሁለቱ አንድ ጀልባ ውስጥ ሲቀመጡ የሰላጤው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነበር። ኤሊንግ ቀዘፈ። ወደ ዓሣ ነባሪው አልሄደም፤ ባዶ ውሃ ላይ ሄዶ ቆመ። አንፊን "እዚህ ምን አለ?" ሲል ከዳር ተሰማ። "ዝም በል" አለው ኤሊንግ። የሰላጤው ወለል የት እንደሚጠልቅ፣ ዓሦቹ በየትኛው ሰዓት የትኛው አለት ሥር እንደሚሸሸጉ፣ አሳዳጃቸውም የት ትንፋሽ እንደሚያጥረው የሚያውቀው እሱ ነው። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ከጀልባው አጠገብ ፈካ አለ። "ገና" አለ ኤሊንግ። ጀርባው መውጣት ጀመረ። "ገና።" ትንፋሹ ሁለቱንም አረጠባቸው። "አሁን።"

አንፊን ሁለት ፍላጾች ሰደደ፤ ሁለቱም ገቡ።

ያን ከሰዓትና በማግስቱ ነፋሱ መጣ። ሰው ሁሉ ጉሮሮው ላይ ዋለ፤ የተበጠሰውን ይቀጥላል፣ ድንጋይ ይጨምራል፣ ባዶ በርሜል እያሰረ መረቡን ያንሳፍፋል። ጉንቮር መዳፏ እስኪላጥ ገመድ ያዘች። ነይ ያላት አልነበረም፤ ሂጂ ያላትም አልነበረም። ማግዴሊ አጠገቧ ቆማ ያንኑ ገመድ ትስባለች፤ ከአመድ ውሃው ወዲህ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ቤት ውስጥም ሳህን አስቀምጣላት ትሄዳለች። ሹር ብቻ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ራሷ ላይ ደፋላት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዓሣ ነባሪው ጠለቅ ማለት አቃተው። በግራ ጎኑ፣ አንፊን በወጋው ቦታ፣ የከብት ራስ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ተጠግተው በጦር ጨረሱት። አሥራ ስምንቱም ቤቶች በገመድ ጎትተው ዳር አወጡት፤ ቢላዋዎቹ ተሳሉ።

ሄር ክላውስ ካፖርታቸውን ሰብስበው ደሙ ላይ ተንበረከኩ። "ፍላጾቹን ሳላያቸው አታውጡ" ብለው ለመኑ። አንድ በአንድ አዩ። ኤሊንግ የወጋቸው ዘጠኝ ቦታዎች ሥጋቸው ቀይና ንጹሕ ነበር፤ አንዳንዱ ሊገጥም ጀምሯል። አንፊን የወጋው ቦታ ግን እስከ ክንድ ጥልቀት ጠቁሯል፤ ሽታው ሽማግሌዎቹን ሳይቀር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰ። ሰዉ ተሰብስቦ ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ያያል። ሁለቱን እንዲህ ጎን ለጎን ከዚህ ቀደም ማየት የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ፍላጻ የሚያጥብ ሰው ጠፍቶ ነው።

"ማነሽ፣ ልጄ" አሉ ሄር ክላውስ፣ "ውሃው የፈላ ነበር?"

"ለብ ያለ ነበር።"

ጻፉ።

"ለምን ይጽፉታል?" አለች ጉንቮር። አፏን ለመያዝ ከወሰነች ሁለት ቀኗ ነበር።

"ስለማላውቀው።"

"ያላወቁት ነገር ይጻፋል?"

"ሌላማ ምን ይጻፋል?" አሉ ሄር ክላውስ፤ ብዕራቸውንም በምላሳቸው አራሱ።

ኤሊንግ ከበላያቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። "ስም አይጻፍ" አለ።

"የማን?"

"የማንም። 'አንድ ሰው አጠባቸው' ይበሉ።"

ሄር ክላውስ የጻፉትን አንድ መስመር ሰረዙ።

ከዚያ ኤሊንግ ንጹሖቹን ዘጠኝ ፍላጾች ሰብስቦ የጠቆረው ሥጋ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ይህ ክፍል አይበላም፤ ተቆርጦ ይጣላል። ከመጣሉ በፊት ግን ሥራ አለው። ስምንቱን እስከ ዘንጋቸው አንድ በአንድ ሰካቸው። ዘጠነኛውን ቀና ብሎ ለምራቱ ዘረጋ።

"ይህን አንቺ።"

ጉንቮር ተቀብላ ገፋችው። ሥጋው እንደ ጭቃ ዋጠው፤ ጥቁሩ ነገር እስከ አንጓዋ ወጣ።

"ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ አባቴ?"

"ሥጋው ተከፋፍሎ እስኪያልቅ።"

"ለምን እስከዚያ?"

ኤሊንግ አሰበ። ከልቡ ነበር ያሰበው። "ያን ጊዜ ስለሚርበን መሰለኝ" አለ።

ሰዉ ወደ ሥጋው ተመለሰ። አንፊን ጭራው ላይ ቆሞ ድርሻው ስንት ክንድ እንደሆነ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል። ጉንቮር ግን ተነሥታ ውሃው ዳር ሄዳ፣ ሁለት እጇን ከቀሚሷ አርቃ እንደዘረጋች ቆመች። ባሕሩ እግሯን እየነካ ይመለሳል። ጎንበስ ለማለት ፈራች፤ ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች፣ እንደገና ባሕሩን አየች።

ማግዴሊ በትከሻዋ ሥጋ ተሸክማ ስታልፍ አጠገቧ ቆመች።

"ምን ቆመሻል?" አለች። "እጅሽን ታጠቢ እንጂ። እሱ ይታጠባል።"